በዚግዛግ መቀስ የተከረከሙ ኪኒኖች

ታላቅ እህቴ በሽታን የምትፈራ ሰው አይደለችም። የምትፈራው በሽታ መጥቶ መድኃኒት በሌለበት እንዳያገኛት ነው። እንግዳ ሲመጣ ሌላው ሰው ወንበር ያቀርባል፤ እትዬ ግን የሰውየውን ፊት ገርመም ታደርግና «ጨጓራ አለብህ?» ትላለች። ሲገባ የለብኝም ያለ ሰው እንኳ ሲወጣ አለበት።

ሥራዋ ልብስ ስፌት ነው። የቤቷ የፊት ክፍል ሱቋ ነው፤ መስኮቱ ስር የስፌት መኪናው፣ ከመኪናው ጎን ረጅሙ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው በታች ደግሞ ክርና ቁልፍና ኪኒን በፍቅር አብረው የሚኖሩበት መሳቢያ አለ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ የሳል ሽሮፕ ተግቶ ይወጣል። «ዶክተር መርፌ» የሚላት አለ። ሰምታለች። ደስ ብሏታል።

ይህ አመል የያዛት ልጇ ትንሽ ሳለች ነው። ልጅቷን ይዛ በአውቶቡስ ረጅም መንገድ ስትሄድ ልጅቷ በትኩሳት ነደደች። አውቶቡሱ በቆመበት ሁሉ እየወረደች ሱቁን ሁሉ ጠየቀች። ብስኩት አለ፣ ባትሪ አለ፣ የጫማ ቀለም አለ፤ የትኩሳት ማስታገሻ ግን የለም። ልጅቷ በማግስቱ ድና ስትሮጥ ዋለች። እናትየዋ ግን ከዚያ አውቶቡስ እስከ ዛሬ አልወረደችም።

ያቺ ልጅ አድጋ፣ ተምራ፣ አግብታ ውጭ አገር ትኖራለች። ዘንድሮ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ሆነ። ባሏ የሚሠራው መርከብ ላይ ነው፤ ልጁ ይመጣል በተባለበት ሰሞን እሱ ባሕር መሀል ነው። «እማዬ፣ ብቻዬን መውለድ ፈራሁ» ብላ ደወለች። እትዬም «ማን ብቻሽን ሊተውሽ» አለች። ቪዛው ተገኘ፣ ቲኬቱ ተቆረጠ። ችግሩ እሷ በምትደርስበትና ልጅቷ ትወልዳለች በተባለበት ቀን መካከል ያለው ክፍተት የመርፌ ቀዳዳ ያህል መሆኑ ነበር። አውሮፕላኑ ቢያመልጣት፣ ወይም ስትደርስ ፍተሻ ላይ ይዘው ቢያቆዩአት፣ ልጅቷ ምጧን የማታውቃቸው ሰዎች መሀል ልትጀምር ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም ግን አያነሳውም።

ልጅቷ እናቷን ታውቃታለችና በስልክ አስጠነቀቀቻት። እኔ እዚያው ተቀምጬ ቁልፍ እየተከልኩ ስለነበር ሁሉን ሰምቻለሁ።

«እማዬ ስሚኝ። መድኃኒት የምታመጪው የራስሽን ብቻ ነው። ከነካርቶኑ። የሐኪም ማዘዣውም አብሮ ይሁን። ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺው ደግሞ፣ ሻንጣ ይጠፋል። ከእጅሽ አይለይ።»

«እሺ።»

«ገባሽ?»

«ልጅ አደረግሽኝ እንዴ?»

እትዬ ከዚህ ሁሉ ምክር ይዛ የቀረችው የመጨረሻዋን ነው፤ ከእጅሽ አይለይ። ስልኩን ዘግታ አሰበች። ቦርሳ ይረሳል፣ ይሰረቃል፣ ወንበር ስር ይቀራል። የለበሱት ልብስ ግን የትም አይቀርም። ስለዚህ ሰደርያ ሰፋች።

ሰደርያውን ማየት ነበረባችሁ። ላዩ ከአንድ የወንድ ካፖርት የተረፈ ግራጫ ሱፍ ነው፤ ሲያዩት የባንክ ሥራ አስኪያጅ ይመስላል። ገበሩ ግን ኪስ በኪስ ነው። ኪሶቹም እንዲሁ አልተበተኑም፤ ሥርዓት አላቸው። ለራስ የሚሆነው ከአንገት አጠገብ፣ ለሳል የሚሆነው ደረት ላይ፣ ለቃርና ለቁርጠት የሚሆነው ሆድ ላይ፣ ለጉልበት የሚሆነው ታች ጠርዙ ጋ።

«ባመመሽ ቦታ እጅሽን ትከቺና ታገኚዋለሽ» ብላ ስታስረዳኝ፣ እውነቴን ነው፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የወገብ መድኃኒቱ ኪስ ከኋላ ስለሆነ እሷ ራሷ አትደርስበትም።

«እሱንስ እንዴት ታወጪዋለሽ?» አልኳት።

«ወገቤን ሲያመኝ ሰው መጥራቴ ይቀራል?»

ታዲያ ካርቶኖቹ እነዚያ ኪሶች ውስጥ አልገባ አሉ። ወረወረቻቸው። ኪኒኖቹ የታሸጉበት ያ የሚያብረቀርቅ ዝርግ ደግሞ ገባ፤ ግን ጠርዙ ሹል ስለሆነ ገበሩን መቧጨር ጀመረ። እትዬ ልብስ ሰፊ ናት። ያልተስተካከለ ጠርዝ እያየች እንቅልፍ አይወስዳትም። የጨርቅ ጫፍ እንዳይተረተር የምትቆርጥበትን ጥርሳሙን ዚግዛግ መቀስ አነሳችና እያንዳንዱን ፍሬ ለብቻው ዙሪያውን ከረከመችው። ሥራዋን ስትጨርስ ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩት ትንንሽ ጥርሳም አራት ማዕዘኖች የሙሽራ ቀሚስ ላይ ቢተከሉ አያሳፍሩም ነበር። የመድኃኒቱ ስምና ጊዜው የሚያልፍበት ቀን የሚጻፈው በዚያ ጠርዝ ላይ ነው። ጠርዙ ከጨርቅ ብጥስጣሽ ጋር ተጠርጎ ወጣ።

የእትዬ ባል፣ እኔ ጋሼ የምለው፣ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ሥራው ጡረታ አውጥቶታል፤ እጁ ግን ከመሪ ላይ ጡረታ አልወጣም። ሌላ ሰው ሲነዳ ከጎን ተቀምጦ አያውቅም። እኔ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ስንት ዘመኔ ነው፤ የመኪናውን ቁልፍ በጠየቅኩት ቁጥር «አንቺና ፍሬን ገና አልተዋወቃችሁም» ይለኛል።

የጉዞው ቀን ጠዋት ስደርስ ሻንጣው መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ባልና ሚስት በግራና በቀኙ ቆመዋል። እሱ ያወጣል፣ እሷ ትመልሳለች።

«ይሄ ሁሉ ፋሻ ለምንድነው? ጦር ሜዳ ነው የምትሄጂው?»

«ልጁ ቢወድቅስ?»

«የቱ ልጅ?»

«የልጅቷ ልጅ ነዋ።»

«አልተወለደም እኮ።»

«ሲወለድ መውደቁ ይቀራል?»

«አራስ ልጅ ከየት ነው የሚወድቀው? መቆም ሲችል አይደል?»

«አንተን ማን አዋላጅ አደረገህ» አለችና ፋሻውን መልሳ ከተተችው።

ጋሼ ከእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ትልቁን የጨርቅ መቀስ መዞ አወጣ።

«ይሄስ?»

«ፋሻውን በጥርሴ ልቁረጠው?»

«አውሮፕላን ላይ መቀስ አይገባም፣ ሴትዮ። አብራሪውን ልትወጋ ነው ብለው ያስሩሻል።»

«አብራሪው ምን አደረገኝና?»

ካልሲ ውስጥ የተጠቀለለ የአዮዲን ጠርሙስ ወጣ። ካልሲው የጋሼ ነው፤ አንድ እግሩ ቡናማ ሆኗል። ጋሼ ካልሲውን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ከዚያ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ራሴን አሳመምሽው» አለ።

የእትዬ ዓይን በራ። እንዲህ በሰዓቱ ሰው አሞላት አያውቅም። ሰደርያውን ከማንጠልጠያው አወረደች፣ ጣቶቿን ከአንገቱ አጠገብ ሰደደች፣ ሁለት ጥርሳም ፍሬ አወጣች።

«ይኸው። መድኃኒት በዛ ስትል አልነበር?»

ጋሼ መከራከር ስለሰለቸው ዋጣቸው። ጥቂት ቆይቶ «ትንሽ ጋደም ልበል» ብሎ ወደ ጓዳ ገባ።

እኔ ደግሞ በበኩሌ አንድ ነገር አድርጌ ነበር። ልጅቷ ያለችው ከጆሮዬ ስላልወጣ ከመንገዱ ማዶ ያለችውን ባለ መድኃኒት ቤት «መጥተሽ እይልን» ብያት ነበር። ወጣት ናት፣ ትሑት ናት፣ መነጽሯ ሁልጊዜ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ነው። ለእትዬ አብዛኛውን ያንን መድኃኒት የሸጠችውም እሷው ናት።

«እማማ፣ እንዴት አደሩ? የሚይዙትን ልይልዎት ብዬ ነው።»

«እዪው የኔ ልጅ፣ እዪና ጉድ በይ።» ሰደርያውን ገልብጣ ዘረጋችላት።

ባለ መድኃኒት ቤቷ አንዷን ፍሬ አነሳች። ፊቷን አየች፣ ጀርባዋን አየች። ወደ መስኮቱ ሄዳ በብርሃን አየቻት። ተመልሳ ሌላ አነሳች።

«ስሙስ?» አለች።

«የማን?»

«የመድኃኒቱ።»

«ስም ምን ያደርግልኛል። እኔ ሁሉንም በዓይኔ አውቃቸዋለሁ።»

«እሺ፣ ይህ ምንድነው?»

እትዬ ቀረብ ብላ በደንብ አየችው። «ነጭ ነው» አለች።

«ነጭነቱንስ እኔም አየሁት።»

«ከየትኛው ኪስ ነው ያወጣሽው?»

«ከዚህ፣ ከአንገቱ ስር።»

«አለቀ። የራስ ነው።»

«ይሄኛውስ? እሱም ከዚያው ነው የወጣው፤ ግን ትንሽ የሚለይ መሰለኝ።»

«እሱም የራስ ነው። አንዱ የራስ ምታቱ ነው። አንዱ ደግሞ ያ፣ መንገድ ላይ ራስ እንዳያዞር፣ እንዳያስመልስ ብለሽ የሰጠሽኝ። የሚዞረው ራስ አይደለም?»

ባለ መድኃኒት ቤቷ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አደረገች። የሆነ ነገር ልትል አፏን ስትከፍት ከጓዳ ድምፅ መጣ። የተጫነ አውቶቡስ ዳገት ላይ ማርሽ ሲቀይር የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። ሦስታችንም ወደ በሩ ዞርን። ጋሼ በቀን ተኝቶ አያውቅም፤ በቀን የሚተኛ ሾፌር መንገደኛ ይፈጃል ይላል።

«ጋሼ የዋጡት ነገር አለ?» አለች ባለ መድኃኒት ቤቷ።

«ለራሱ ሰጠሁት። ሁለት። ትልቅ ሰው ነው ብዬ።»

ሮጣ ገባች። ትንፋሹን አዳመጠች፣ የእጁን ምት ያዘች፣ ትከሻውን ወዝወዝ አደረገችው።

«ጋሼ፣ ይሰሙኛል?»

«ወራጅ አለ?» አለ ጋሼ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ተመልሶም አንኮራፋ።

እሷ ፈገግ አለች። «የመንገዱን ነው የዋጡት። እንቅልፍ ይጥላል እንጂ ሌላ ነገር የለውም። ከአጠገባቸው ሰው አይጥፋ ብቻ። ዛሬ ግን መሪ እንዳይነኩ።»

ያን ጊዜ ነው እትዬ የሳቀችው። ሳቋ ከየት እንደሚመጣ አላውቅም፣ ጠረጴዛውን ይዛ ነው የምትስቀው። እኔም ተከተልኳት። «በስንት ዓመቱ ተኛልኝ» እያለች እንባዋን በሜትሯ ጫፍ ትጠርጋለች። ባለ መድኃኒት ቤቷ ግን ፈገግታዋን ሰብስባ ነበር።

«እማማ» አለች ለስለስ ብላ፣ «ዛሬ ጋሼ ናቸው፣ ተኙ፣ ሳቅን። እዚህ ውስጥ ግን ጎረቤት የሰጠዎት ትርፍራፊም አለ፤ እኔ ምን እንደሆነ የማላውቀው። ልጅዎ እዚያ ራሴን አመመኝ ብትልዎት ከዚህች ኪስ ነበር የሚሰጧት?»

እትዬ ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቆመ።

«ነፍሰ ጡር ናት አይደል?»

ሄዳ የስፌት መኪናዋ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እግሯ ሳታስበው ፔዳሉን ነካውና መኪናው ጨርቅ ሳይኖረው ባዶውን ጥቂት ሰፍቶ ዝም አለ።

«ትኩሳት ቢይዛትስ?» አለች ቆይታ። «የዚያን አገር ሰው አፉን አላውቅ። ምን ብዬ ነው የምጠይቀው?»

«እትዬ» አልኳት፣ «የምትወልደው እኮ ሆስፒታል ነው። አውቶቡስ ውስጥ አይደለም።»

ቀና ብላ አየችኝ። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። ተነስታ ሰደርያውን ወሰደችና ኪሶቹን አንድ በአንድ ራሷ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠች። ነጩ፣ ቢጫው፣ ሮዙ ተከመረ። የወገቡን ኪስ ባለ መድኃኒት ቤቷ አወጣችላት።

ድርድሩ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

«ፕላስተሩስ?»

«ፕላስተር ይሂድ።»

«ፋሻው?»

«አንድ ጥቅል።»

«ሦስት።»

«እማማ።»

«እሺ፣ ሁለት። የተቅማጡ ዱቄት? ይኸው ስሙ አለበት፣ እሱን አልከረከምኩትም።»

«ካልከረከሙት ይሂድ።»

«አዮዲኑ?»

«አዮዲኑ የጋሼን ካልሲ ያበላሸው ይበቃዋል፣ እዚህ ይቅር።»

«የደም ግፊቴ ኪኒንስ?»

ሁላችንም ክምሩን አየን። ከሁሉ የግድ የሚያስፈልጋት እሱ ነው፤ ያለሱ መሄድም አትችልም፣ እሱም ከሌሎቹ ጋር ተከርክሞ ተቀላቅሏል።

«አዲስ ከነካርቶኑ አመጣልዎታለሁ» አለች ባለ መድኃኒት ቤቷ። «ማዘዣዎን ብቻ ይስጡኝ።»

እትዬ መሳቢያውን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ደግሞ ከፈተች። በመጨረሻም አንድ ወፈር ያለ ወረቀት አወጣች። ከታች ክብ ሆኖ፣ ከላይ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል።

«ይሄ የኪስ ንድፍ ነው» አልኩ።

«ወረቀቱ ጠንካራ ስለነበር ነው» አለች ቀስ ብላ።

ከማዘዣው ላይ የሐኪሙ ፊርማ ግማሹ ተቆርጦ ሄዷል። ባለ መድኃኒት ቤቷ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸችና ወደ ክሊኒኩ ደወለች። ሐኪሙ ሌላ ማዘዣ ለመጻፍ እሺ አለ፤ ግን ሰልፍ አለ፣ ሰው በአካል ይምጣ አለ። እሷም መድኃኒት ቤቷን ዘግታ ሄደች። እኛ ቁጭ ብለን በሩን ስናይ፣ ሰዓቱን ስናይ፣ የጋሼን ማንኮራፋት ስናዳምጥ ቆየን። እትዬ ፋሻውን ታወጣለች፣ ትጠቀልላለች፣ ትመልሳለች።

ባለ መድኃኒት ቤቷ እያለከለከች ስትገባ በእጇ ያልተከፈተ ካርቶንና በፖስታ ያለ ማዘዣ ነበር። እትዬ ተቀበለቻት፣ ግንባሯን ሳመቻት፣ ከዚያም እጇ ወደ መቀሱ ሄደ።

«እትዬ» አልኩ።

«እማማ» አለች እሷ።

«ፖስታው ጫፉ ጠማማ ነው ብዬ እኮ ነው» አለችና እጇን ሰበሰበች።

ጋሼን ደግፈን የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥነው። ቁልፉን ከኪሱ ሳወጣ የተሰማኝን ደስታ መግለጽ አልችልም፤ ሠርጌ ቀን እንኳ እንዲህ አልሆንኩም። ባለ መድኃኒት ቤቷ «እንዳይነዱ» ብላለችና የሕክምና ትእዛዝ ነው። መኪናው ሲነሳ ከኋላ «በሩን» የሚል ድምፅ ሰማን፤ በሩ ተዘግቷል። እትዬ ከጎኔ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ባዶውን ሰደርያ ለብሳለች፤ የተሰፋ ልብስ ቤት አይቀርም ብላ ነው።

አየር ማረፊያው በር ላይ ስንቆም ጋሼ ዓይኑን ገለጠ። ከፊቱ የወንበር ጀርባ አየ። በሕይወቱ አይቶት የማያውቀው ነገር ነው።

«ማን ነው የነዳው?»

«እኔ።»

«መኪናዬን?»

«የማንን ልነዳ?»

ወርዶ መኪናውን ዙሪያውን ዞረው፣ ጎማውን በእግሩ ነካ አደረገ፣ ጭረት ፈልጎ አጣ። ማጣቱ ያናደደው መሰለኝ። ከዚያ ሚስቱን አቅፎ ሲሰናበታት እጁ ሰደርያው ላይ ቆየ።

«ምነው ቀለልሽ?»

«ኋላ ትነግርሃለች» አለች እኔን በአገጯ እያሳየች። «አንተ ተኝተህ ነበር።»

እትዬ በደረሰች ዕለት የሆነውን ልጅቷ ናት በስልክ የነገረችን። ፍተሻ ላይ የነበረው መኮንን ካርቶኑን አየ፣ ማዘዣውን አየ፣ እለፊ ሊላት ሲል ሰደርያው ገለጥ አለና ኪሶቹን አየ። አንዱን ፈተሸ፣ ባዶ። ሌላውን ፈተሸ፣ ባዶ። ባዶ በሆነ ቁጥር ግራ ገባው። አንዲት ባልደረባውን ጠራ፣ እሷም ሁሉንም ፈተሸች። በመጨረሻ ሴትዮዋ ስፌቱን በጣቷ ዳስሳ በምልክት «ማን ሰፋው?» ብላ ጠየቀች። እትዬ ደረቷን መታች። አሳለፏት። ልጅቷ ውጭ ቆማ ሆዷን ይዛ ስትጠብቅ ነበር፤ እናቷ ስትወጣ አለቀሰች።

ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ ደወለች። ወልዳለች። ድምፅዋ ደክሟል፣ ግን የሚስቅ ነው።

«አክስቴ፣ እማዬን ምን አድርጋችሁ ነው የላካችኋት?»

«ምን ሆነች?»

«ምጥ ሲጀምረኝ ራሴን አመመኝ አልኳት። እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። ባዶ ኪስ ውስጥ ከታ ቆየችና አወጣችው። ‹ቆዪ፣ ነርሷን ልጥራ› አለችኝ። እማዬ። ነርስ ልጥራ።»

«ጠራቻት?»

«ጎትታ አመጣቻት እንጂ። ቋንቋ የላት፤ ራሷን በእጇ እየያዘች ስታሳያት ነርሷ እማዬን ያመማት መሰላት። አስቀምጣ ግፊቷን ለካቻት። እኔ እዚያ እያማጥኩ።»

ጋሼ ስልኩን ከእጄ ነጠቀኝ። «ግፊቷ ስንት ሆነ?»

«ልክ ነው አሉ፣ አባዬ። እኔም ደህና ነኝ፣ የወለድኩትም ሴት ናት፣ መጠየቁን ከረሳኸው።»

ከጀርባ አንዲት በጣም ትንሽ ማስነጠስ ተሰማ። ከዚያ የእትዬ ድምፅ ከሩቅ መጣ፣ እንደ ተማሪ ትሑት ሆኖ።

«አስነጠሰች። ነርሷን ልጥራ?»

«እማዬ፣ ይማርሽ በያት፤ ይበቃታል» አለች ልጅቷ።

እትዬ «ይማርሽ» አለች።